በናይሰ ወንዝ ዳር የኖረው ጫማ ሰፊ

ሰው ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ አስቀድሞ ሊያይ የሚሽቀዳደመው ቤተ መንግሥቱንና ገበያውን ነው። እኔ ግን በጀርመን አገር ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ጎርሊትዝ ከተማ የሄድሁት የአንድ ጫማ ሰፊ ቤትና መቃብር ለማየት ነበር። የሰውየው ስም ያዕቆብ ቦሜ ይባላል። ይህ ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ቆዳ እየበሳ ክር እየሳበ ሲኖር ስለ እግዚአብሔር ያሰበውና የጻፈው ነገር ከተማውን ሁሉ አስጨንቆ ነበርና፥ አንባብያን ከቤተ ሰባቸው ጋራ ያስቡበት ዘንድ ያየሁትንና የተረዳሁትን እነሆ እጽፋለሁ። ዘመኑንም የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አሮጌው ጎርሊትዝ በናይሰ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር በከፍታ ላይ የተሠራ ነው። ከወንዙ በላይ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ረዣዥም ማማዎቹ ከሩቅ ይታያል። ከእርሱ ሥር ወደ ወንዙ ሲወርዱ የእግረኛ ድልድይ ይገኛል። የቀድሞውን ድልድይ በ1945 ዓ.ም. ጦርነቱ በሚያልቅበት ሰሞን የጀርመን ወታደሮች አፈረሱት። ከዚያም በኋላ የወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ለፖላንድ ስለ ተሰጠ አንዲቱ ከተማ በሁለት መንግሥት ተከፈለች፤ የማዶዋም ዝጎዤሌትስ ተባለች። ድልድዩ እንደ ገና ተሠርቶ የተከፈተው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከፈረሰ ከ59 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የቦሜ ቤት በፖላንድ በኩል፥ መቃብሩ ግን በጀርመን በኩል ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ በእግሩ ሊከተል የሚወድ ሰው ወንዙን መሻገር ግድ ይሆንበታል። እኔም አስቀድሜ ተሻገርሁና ከድልድዩ ብዙ ሳልርቅ በዳሺንስኪ ጎዳና ቁጥር 12 ከሆነው ቤት ደጃፍ ቆምሁ። ቤቱ የባለጸጋ ቤት አይደለም። ቦሜ ከ1599 እስከ 1610 ዓ.ም. በዚህ ኖረ።

ያዕቆብ ቦሜ በ1575 ዓ.ም. ከጎርሊትዝ ብዙ በማይርቅ መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሰውነቱ ለእርሻ ሥራ ደካማ ስለ ነበረ ወላጆቹ ጫማ መስፋት እንዲማር ሰጡት። በ1599 ዓ.ም. በጎርሊትዝ የራሱን ሥራ አቁሞ ካታሪና የምትባል የሥጋ ሻጭ ልጅ አገባ፤ አራት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የማናቸውም ደኅና ባለእጅ ታሪክ ነው።

በ1600 ዓ.ም. ግን አንድ ነገር ሆነ። ወዳጁ የነበረው አብርሃም ፎን ፍራንከንበርግ እንደ ተረከው፥ ቦሜ አንድ ቀን የፀሐይ ብርሃን በቆርቆሮ ሳሕን ላይ አርፎ ሲያብረቀርቅ እያየ ሳለ ልቡ ተነጠቀ፤ የፍጥረትም ሁሉ ውስጣዊ ባሕርይ የተገለጠለት መሰለው። ነገሩ የሕልም እንጀራ እንዳይሆን ፈርቶ ከቤቱ ወጣና ወደ መስኩ ሄደ። በዚያም ሣሩንና ቅጠሉን ሲመለከት ያው ማስተዋል እየበረታ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ከዚህ በኋላ አምላኩን አመስግኖ ለማንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ጫማውንም ሰፋ፥ ልጆቹንም አሳደገ።

በደጃፉ ቆሜ ሳስብ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ዝምታው ነው። ራእይ አየሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ አደባባይ ይወጣል። እርሱ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ያየውን በልቡ ይዞ በእጁ ሥራ ቤቱን አስተዳደረ። በ1612 ዓ.ም. መጻፍ ጀመረ፤ መጽሐፉም አውሮራ፥ ማለት የንጋት ጎሕ፥ ተባለ። እንዲታተም አስቦ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ መኰንን ወዳጁ ተውሶ አስገለበጠውና ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ትምህርቱን በጥቂት ቃል ለመናገር አስቸጋሪ ነው። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ ጨለማና ብርሃን፥ መራራና ጣፋጭ ይታገላሉ፤ ብርሃን ያለ እሳት እንደማይገኝ፥ ፍቅርም የሚገለጠው ከዚህ ትግል ውስጥ ነው ይላል። ደግሞ ሰው በድንጋይ ወደ ተሠራው ቤተ ክርስቲያን በመሄዱ ብቻ አይድንም፤ ክርስቶስ በልቡ ውስጥ ሊወለድ ያስፈልጋል ብሎ ያስተምራል። ይህን ሲል ግን እርሱ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረም።

የከተማው ዋና ቄስ ጎርጎርዮስ ሪክተር መጽሐፉን ባየ ጊዜ እጅግ ተቈጣ። በ1613 ዓ.ም. የከተማው ሹማምንት ቦሜን አስጠርተው ለጥቂት ጊዜ አሰሩት፤ መጽሐፉንም ወሰዱበት፤ ከእንግዲህም እንዳይጽፍ አስጠንቅቀው ለቀቁት።

ስለ ሪክተር ስንፈርድ ፍርዳችን የተካከለ ይሁን። የሕዝብ ነፍስ በአደራ የተሰጠው ቄስ ራእይ አየሁ የሚለውን ሁሉ ሳይመረምር ቢቀበል መንጋው ይበተናል። የቦሜም መጻሕፍት የአልኬሚ ጠቢባን አነጋገርና የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል የተደባለቀባቸው፥ ለማስተዋል የከበዱ ናቸው። ነገር ግን ቄሱ ትምህርቱን በመንቀፍ ብቻ አልተወሰነም፤ በላቲን ቋንቋ ግጥም ጽፎ የጫማ ሰፊውን የዝፍትና የጫማ ቀለም ሽታ መዘባበቻ አደረገው። ይህ ዓይነቱ ስድብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን ባለእጅን በሥራው የመሳደብ ልማድ ስለ ነበረ ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። የሰው ሐሳብ ስሕተት እንደ ሆነ በሐሳብነቱ ይመዘን፤ የእጁ ሽታ ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ቦሜ ትእዛዙን ተቀብሎ አምስት ዓመት ያህል ብዕሩን አኖረ። በዚያው በ1613 ዓ.ም. የጫማ ሥራውን ሸጠና የክር ንግድ ጀመረ። በኋላ ግን ወዳጆቹ ስለ ለመኑት፥ ልቡም ስላላስቻለው፥ እንደ ገና መጻፍ ጀመረና ብዙ መጻሕፍት አከታተለ። በ1624 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ክርስቶስ የሚወስድ መንገድ የተባለው መጽሐፉ ታተመ። በዚህ ጊዜ የሪክተር ቍጣ እንደ ገና ነደደ፤ ሹማምንቱም ከከተማው ራቅ እንዲል መከሩት። ስለዚህ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወደ ድሬስደን ሄደ። አባወራ የሌለበት ቤት በክፉ ወሬ መካከል እንዴት እንደሚከርም ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔም ወንዙን ተሻግሬ ተመለስሁና የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን አልፌ ቅዱስ ኒቆላዎስ ወደሚባለው መካነ መቃብር ወረድሁ። በዛፎች ጥላ ሥር የቀደሙት ነጋዴዎችና ሹማምንት ያማሩ ሐውልቶች ተደርድረዋል። የጫማ ሰፊውም መቃብር በዚሁ ነው።

ሪክተር በ1624 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ገደማ ዐረፈ። ቦሜም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ታሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቄሶቹ ስለ ሃይማኖቱ ከመረመሩት በኋላ ሥጋ ወደሙን ተቀበለ። በሞተ ጊዜ ግን አዲሱ ዋና ቄስ የቀብሩን ስብከት አላደርግም ስላለ፥ በክብር እንዲቀበር ሹማምንቱ ማዘዝ ግድ ሆነባቸው። ወዳጆቹ ያቆሙለትንም መስቀል ክፉ ሰዎች አበላሹት።

መጻሕፍቱ ግን አልጠፉም። በ1682 ዓ.ም. ዮሐን ጌኦርግ ጊኽተል ሰብስቦ በአምስተርዳም አሳተማቸው። ታላቁ ፈላስፋ ሄገልም ከጊዜ በኋላ ይህን ጫማ ሰፊ የመጀመሪያው የጀርመን ፈላስፋ ብሎ ቈጠረው። የተሳሳተበትንና ያልተሳሳተበትን መለየት የመምህራን ሥራ ነው። እኔ በመቃብሩ አጠገብ ቆሜ ያሰብሁት ግን ስለ ቤቱ ነበር። ያየው ነገር እውነት ይሁን ሕልም፥ ሚስቱን ካታሪናንና ልጆቹን እንዲንቅ አላደረገውም፤ እጁንም ከሥራ አላስፈታውም። መንፈሳዊ ነገር አገኘሁ የሚል ሰው ሁሉ በዚህ ቢመዘን መልካም ይመስለኛል።

ፍራንከንበርግ ስለ መጨረሻው ሌሊት እንዲህ ሲል ይተርካል። ቦሜ በሞት ጣር ሳለ ልጁን ጦቢያን ጠርቶ የሚያምረውን ዜማ ትሰማለህን ብሎ ጠየቀው። ልጁም አልሰማም አለ። አባትየውም ዜማው ይበልጥ እንዲሰማ በሩን እንዲከፍት አዘዘው። ልጁ ምንም ባይሰማ ከአባቱ ጋራ አልተከራከረም ይሆናል፤ በሩንም የከፈተው ይመስለኛል።