ሰንሰለቱን ጨምር

የኛ ሰው ስለ ውሃ ያለው አስተያየት ባጭሩ «እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚል ነው። እኔም በዚሁ አምኜ ሃምሳ ምናምን ዓመት በሰላም ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ጣናን በሞተር ጀልባ ስሻገር የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የማላውቀውን ጀምሬ ነበር። ላንጋኖም ቢሆን ከጉልበቴ በላይ አያውቀኝም።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው ታናሽ ወንድሜ ከስፔን ደውሎ፣ «ጋሽዬ፣ እዚህ ድረስ ከመጣህ ሆቴል ምናምን የለም፤ ከነልጆቹ አንድ ሳምንት ጀልባ ላይ ነው የምንከርመው» ያለው።

«እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ!» አልኩት።

«እኔስ የምን አባት ነኝ?» አለኝ።

ሄድኩ። የቪዛውን ጣጣ አላወራችሁም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ባህር ነው።

በርግጥ ቤታችን ከባህር ጋር ዝምድና አጥቶ አያውቅም። አባታችን በጃንሆይ ዘመን ምፅዋ ላይ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላም ባህሩ አልለቀቀውም። እሁድ እሁድ ገመድ ይዞ ቁጭ ይልና በአልጋው እግር ላይ ቋጠሮ ያስተምረን ነበር። እኔ ማሰሩም መፍታቱም ቶሎ ሰለቸኝ። ታናሼ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያስር ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ ስትወጣ አገሪቱም ከባህር ተለያየች፤ የአባታችን ቋጠሮም ሥራ ፈቶ ቀረ ብዬ ነበር። ለካ ስፔን ሄዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔና ወንድሜ ሃያ ዓመት ከምናምን በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነህ? ደህና ነኝ፤ ልጆቹስ?» ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረንም። አባታችን በግንቦት 1996 ዓ.ም. ሲያርፍ እሱ አልመጣም። ለቀብር አልመጣም፣ ለሠልስት አልመጣም፣ ለአርባም አልመጣም። ሰው ሁሉ «ያ ልጅስ?» ባለ ቁጥር አንገቴን የምደፋው እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ «እኔ ወንድም የለኝም» አልኩ። ቃሌ ባህር ተሻግሮ እንደደረሰው አውቃለሁ፤ የኛ አገር ወሬ ቪዛ አያስፈልገውም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አገር ቤት ቢመጣም፣ እንደ እንግዳ ተቀብዬ እንደ እንግዳ ነው የሸኘሁት።

የተነሳነው ከአሊካንቴ ነው። ጀልባዋ ዘጠኝ ሜትር ናት፤ ሁለት ሚኒባስ ታክሲ ብታስከትሉ እሷን ያክላሉ። ወንድሜና አማቱ ተጋግዘው የገዟት አሮጌ ጀልባ ናት። እዚያ ውስጥ እሱ፣ ሚስቱ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው፣ የስምንት ዓመቱ ወንድሟና እኔ አምስት ሆነን እንተኛለን፣ እንበላለን፣ እንጣላለን፣ እንታረቃለን። የያዘው መንጃ ፈቃድ ከዳርቻው እስከ 12 ኖቲካል ማይል ድረስ ያስኬደዋል። አንዱ ኖቲካል ማይል 1852 ሜትር መሆኑን ሲነግረኝ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ብቻ እንዲጠቀም ለመንኩት። ለኔ ብሎ የብስ ከዓይናችን ሳይጠፋ ነው የሄደው።

ጠዋት ጠዋት ባህሩ እንደ ዘይት ረግቶ ይተኛል። ሸራው እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያኔ ሞተር ይነሳል። ከቀትር በኋላ ግን የብሱ በፀሐይ ሲግል ከበላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው የባህር አየር በቦታው ሊተካ ይገሰግሳል። ያ ነው ሸራውን የሚሞላው። ሞተሩ ሲጠፋና ውሃው ብቻ ከጎናችሁ ሲንሾካሾክ፣ እውነቴን ነው፣ ፍርሃትም ለጥቂት ጊዜ አፉን ይዘጋል። ፍጥነታችን አምስት ኖት ነበር፤ በሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከመገናኛ ስድስት ኪሎ የተጓዘ ሰው ይህን ፍጥነት ያውቀዋል።

እንዲህ እያልን በቪያሆዮሳ ፊት ለፊት አለፍን፤ ቤቶቿ ባህሩ ዳር ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ተቀብተው ተሰልፈዋል። የቤኒዶርምን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች አለፍን። የአልቴያን ሰማያዊ ጉልላት ያለውን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን፤ እኔ ብቻዬን ነኝ የተሳለምኩት። ካልፔ ስንደርስ 332 ሜትር ከፍታ ያለው የኢፋች አለት ከባህሩ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጠበቀን። ከአለቱ ግራና ቀኝ መቆሚያ አለ፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የዕለቱ ነፋስ ነው። ነፋሱ በወዲህ ሲመጣ በወዲያ መጠለል ነው።

አሁን ወደ መልሕቁ ልምጣ። ጀልባ ማቆም እንደ መኪና ማቆም ይመስለኝ ነበር። ጉዱ ሌላ ነው። ትልቋ ልጅ የውሃውን ጥልቀት ከመሣሪያው ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ትንሹ አፍንጫዋ ላይ ተደፍቶ ወደ ውስጥ ያያል። ከሥር ነጣ ያለው አሸዋ ነው፣ የጠቆረው ፖሲዶኒያ የምትባለው የባህር ተክል ናት። ሣር ትመስላለች እንጂ አበባና ፍሬ አላት። ለዓሣው ቤት ናት፣ አሸዋውን በሥሯ ይዛ የባህሩን ዳርቻ ታቆማለች። ግንዷ በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ መልሕቅ በደቂቃ የቦጨቀውን ለመመለስ የሰው ዕድሜ ሊፈጅ ይችላል። ከፊት ለፊት ያሉት የባሌአሪክ ደሴቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ድንጋጌ በላይዋ ላይ መልሕቅ መጣልን ከልክሏል። ትንሹ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል። «አሸዋ!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ማንም አይነቃነቅም። እኔ በስምንት ዓመቴ የጎረቤት ዛፍ ላይ ድንጋይ ስወረውር ነበር የምውለው።

መልሕቁን ሳየው አዘንኩ። አሥራ አምስት ኪሎ ነው! ይሄ ነው አራት ቶን ጀልባ የሚይዘው?

«ጋሽዬ፣ የሚይዘው ክብደቱ አይደለም» አለኝ ወንድሜ። «ሰንሰለቱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰንሰለቱ ረዥም ከሆነ ገሚሱ ከባህሩ ወለል ላይ ይተኛል። ነፋስ ጀልባዋን ሲገፋት መልሕቁ የሚሳበው ወደ ጎን ስለሆነ፣ በተሳበ ቁጥር አሸዋው ውስጥ እየቆፈረ ይገባል። ሰንሰለቱ ካጠረ ግን መልሕቁ ወደ ላይ ነው የሚሳበው፤ ያኔ እንደ ካሮት ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ ጥልቀቱ አምስት ሜትር ቢሆን፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ ያለው አንድ ሜትር ይደመርና ስድስት ይሆናል። በደህና ቀን የዚያን አምስት እጥፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል። ነፋስ ሲበረታ ሰባት እጥፍና ከዚያም በላይ።

ከዚያ ሞተሩ ወደ ኋላ እየጎተተ ይፈትነዋል። ከየብስ አንድ ዛፍና ከጀርባው አንድ ቤት ይመረጣል፤ ሁለቱ በአንድ መስመር እስከታዩ ድረስ ጀልባዋ ከቦታዋ አልሸሸችም ማለት ነው። በመጨረሻ ትንሹ ልጅ መነጽሩን አጥልቆ ይጠልቅና መልሕቁን አይቶ አውራ ጣቱን ያሳየናል። ምሳ የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው።

በአራተኛው ማታ ሞራይራ አጠገብ ኤል ፖርቴት የሚባል ትንሽ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አደርን። ከምሥራቅና ከሰሜን በተራራ የተከለለ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ግን አፉን የከፈተ ቦታ ነው። ትንበያው «ጸጥታ» ነበር የሚለው። ከምሰሶው አናት ላይ የቆሙ ጀልባዎች የሚያበሩትን ነጭ መብራት አብርተን ተኛን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከአልጋዬ ተወርውሬ ግድግዳ ስመታ ነቃሁ። ነፋሱ ዞሮ በተከፈተው አፍ በኩል እየገባ ነበር። ስወጣ ወንድሜ አፍንጫዋ ላይ ተንበርክኮ ሰንሰለቱን በእጁ ይዳስሳል፤ ከኋላችን ቋጥኙ በጨለማው ውስጥ ነጭ አረፋ ይተፋል።

«ሳበው!» አልኩ። «ሰብስበው! አጥብቀህ ያዘው!»

«የለም ጋሽዬ። ና እርዳኝ፤ ሰንሰለቱን ጨምር።»

አብደሃል እንዳልለው ጊዜም አልነበረም። ሰንሰለቱ እየተንቋቋ ወረደ፤ ሠላሳ የነበረው አርባ አምስት ሜትር ሆነ። ጀልባዋ ወደ ኋላ ወደ ቋጥኙ ስትሄድ አንጀቴ ተቆረጠ። ከዚያ ቀስ ብላ ቆመች፤ አፍንጫዋንም ወደ ነፋሱ አዞረች። መንጠሯ ቀርቶ መወዛወዝ ጀመረች። ሚስቱ ለልጆቹ ተንሳፋፊ ጃኬት አልብሳ በየብስ ያሉትን ሁለት መብራቶች ታያለች። «አልተነቃነቅንም» አለች በስፓኒሽ፤ ያን ያህል ስፓኒሽ ለኔም ገባኝ።

«ባይዝስ?» አልኩት።

«ሞተር አስነስተን ወደ ውጭ ነው የምንወጣው። ጀልባ የሚሰበረው ባህሩ መሃል አይደለም፣ ዳር ነው።»

እስኪነጋ በየተራ መጠበቅ ነበረብን፤ እኔ ተራዬም ያልሆነውን አብሬው ቁጭ አልኩ። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ ለሁለት። እንደ ልጅነታችን ነው። ብዙ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከመብራቶቹ ሳያነሳ፣

«ያኔ ወረቀት አልነበረኝም» አለኝ።

«መቼ?»

«አባዬ ያረፈ ጊዜ። ለትምህርት የመጣሁበት ቪዛ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አልሜሪያ ነበርኩ።»

አልሜሪያ ወደ 30 ሺህ ሄክታር መሬት በፕላስቲክ ጣሪያ ተሸፍኖ አትክልት የሚመረትበት አውራጃ ነው። እናታችን ያኔ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መሐንዲስ ሆኗል» ትል ነበር። እኛም የሚልከውን ገንዘብ ስንቀበል አምነናታል። የአባታችን ሆስፒታል የተከፈለው በዚያ ገንዘብ ነው።

«ብወጣ መመለስ አልችልም ነበር። ብመጣ ደግሞ የእማዬን መድኃኒት ማን ይከፍላል? ስልኩ ሲደወልልኝ ቲማቲም እየለቀምኩ ነበር። ዘጋሁና ረድፉን ጨረስኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርህ ነበር። ከዚያ 'ወንድም የለኝም' ማለትህን ሰማሁ።»

እ.ኤ.አ. በ2005 ከየካቲት እስከ ግንቦት የስፔን መንግሥት አሠሪ የሥራ ውል ለሰጣቸው ወረቀት አልባ ሠራተኞች መኖሪያ ፈቃድ የሚያገኙበትን በር ከፍቶ ነበር። ወንድሜ ያለፈው በዚያ በር ነው። አባታችን ካረፈ ገና ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ትንሽ ወራት ብቻ ናቸው በመሃል የነበሩት፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት አስከፈልኩት።

ይቅርታ የሚለው ቃል በኛ ቤት ወንዶች አፍ ላይ ይከብዳል። «ሻይ ልጨምርልህ?» አልኩት። ቃሉን ያወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። እሱም «ተወው ባክህ» ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ሲያዞር ግን አየሁት።

ነፋሱ ከነጋ በኋላ ሞተ። ቁርስ ላይ ሳለን በሬዲዮው 16ኛ መስመር አንድ መልእክት ተላለፈ፤ የባህር ነፍስ አድን አገልግሎቱ ሰዎች የጫነች አንዲት ትንሽ ጀልባ ያየ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በዚያ ባህር ከአልጄሪያ በኩል ሰው የጫኑ ትናንሽ ጀልባዎች ይመጣሉ። ወንድሜ የያዘውን ዳቦ አስቀምጦ አቅጣጫ መመልከቻውን አነሳና ለረዥም ጊዜ አድማሱን ቃኘ። ምንም አልታየም። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ባህሩ ውበት አላወራም።

እኔ የምለው፣ እኛ ነፋስ ሲመጣ ለምንድነው ሰንሰለት የምናሳጥረው? ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን የመጣውን ትተን የቀረውን እንቆጥራለን። ልጅ ሁለት ወር ሳይደውል ሲቀር «ረሳን» እንላለን፤ ወንድም ለሠርግ ሳይመጣ ሲቀር ደብተር ላይ እንጽፍበታለን። ባጠበቅን ቁጥር የያዝን ይመስለናል። ያ ሰው ከፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ይሁን፣ ከሰው ቤት ጓዳ ይሁን፣ የት ሆኖ እንደዋለ ግን አንጠይቅም። መልሕቁ ሲነቀል ደግሞ የምንረግመው መልሕቁን ነው።

ከተመለስኩ ሳምንት ሳይሞላኝ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ውጭ አገር ያለው የሟቹ ልጅ አልመጣም። ከድንኳኑ ጥግ አንዱ ጎረቤት፣ «እንዴት ሰው አባቱን እንኳ አይቀብርም?» ብሎ ጀመረ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟቹ ትልቅ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጠጋ አልኩና፣

«ሰንሰለቱን ጨምርለት» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ከኋላዬ አንዱ፣ «ይሄን ሰውዬ ባህር ማዶ ደርሶ ሲመጣ ነካ አደረገው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ምንም አላልኩም፤ ወንበሬን ስቤ ከልጁ አጠገብ ተቀመጥኩና ስለ ወንድሙ ጠየቅሁት።