ከአራስ ቤት በፊት አንበሴን ስናስተምር

እንደሚታወቀው በአገራችን ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ለጥበቃ ነው። ሌባ ያባርራል፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ጠዋት ትራፊውን በልቶ ይተኛል። ከዚህ አልፎ «ውሻ ለሚወለድ ሕፃን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት» የሚል ሰው ቢገኝ ብዙዎቻችን እንስቃለን። እኛም ከሚስቁት መካከል ነበርን። ይህ ጽሑፍ ሳቃችን እንዴት እንደቆመ ይናገራል።

እኛ ባልና ሚስት ነን፤ ሁለታችንም በማስተማር የምንተዳደር። አንበሴ የተባለው ውሻችን ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት ኖሯል። ያገኘነው በተጋባንበት ዓመት፣ በክረምት፣ ከመንገድ ዳር በዝናብ ርሶ ሲንቀጠቀጥ ነው። ልጅ ሳንወልድ በቆየንባቸው ዓመታት ከሥራ ስንመለስ ቤት ውስጥ የሚጠብቀን እሱ ብቻ ነበር። ፈተና ስናርም ከእግራችን ሥር ይተኛል። ጎረቤቶቻችን «እነሱ እኮ ውሻውን ልጅ አደረጉት» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ቀልዱ ቢያመንም መልስ አልነበረንም።

በስድስተኛው ዓመት እግዚአብሔር ጎበኘንና ፅንስ ተገኘ። እናታችን ከአገር ቤት መጥተው ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ እልል አሉ፤ ቀጥለው ጣታቸውን ወደ አንበሴ ቀስረው «እሱስ?» አሉን።

«እሱ ደግሞ ምን ይሆናል?» አልናቸው።

«ኧረ እናንተ ልጆች! ስድስት ዓመት እንደ በኩር ያሳደጋችሁት ውሻ ሌላ ሲመጣበት ዝም ብሎ የሚያይ መሰላችሁ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወደ ገጠር ላኩት።»

ለመንናቸው። በመጨረሻ ውል ገባን፤ ይኸውም እስከ ስምንተኛው ወር ይታያል፤ ለልጅ የማይሆን ሆኖ ከተገኘ እናታችን ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ከሁለታችን አንዳችንም ውሉን ለማፍረስ አንሞክርም ተባባልን። ልጅ ከውሻ ይበልጣልና።

የመጀመሪያው ሥራችን ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱ ጊዜው አልፎ ስለነበር አሳደስን። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞቱበታል፤ ከተጠቂዎቹም ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈውም እስከ ከመቶ 99 የሚደርሰውን ጊዜ በውሻ አማካይነት ነው። መከላከያው ግን አዲስ ነገር አይደለም። ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን የከተበው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1885 ነው፤ ልጁም ተረፈ።

የክሊኒኩ ባለሙያ ቀጥሎ፣ «በግ ስታርዱ ምን ታበሉታላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም በኩራት «ሳንባውን፣ የተበላሸ ጉበት ካለም እሱን» አልን። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ለካ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ እብጠት የአንድ ዓይነት የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሣር ላይ፣ አፈር ላይ፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሰው አፍ ከገባ ያው እብጠት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይወጣል። የሚድህ ሕፃን ደግሞ እጁን ከአፉ አይነጥልም። የትል መድኃኒት ሰጥቶን፣ ጥሬ የሆድ ዕቃ ሁለተኛ እንዳናበላ አስጠንቅቆ ሸኘን። ለውሻ የምናዝን መስሎን ልጃችን ለምትድህበት ግቢ በሽታ ስንዘራ ኖረናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማስተማሩ ነው። እዚህ ላይ ፓቭሎቭ ትዝ አለን። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት ሲሆን፣ በእኛ ሙያ ስሙ የሚነሣው ግን ምግብ ከመቅረቡ በፊት ድምፅ እያሰማ ውሾችን ድምፁን ብቻ ሰምተው ምራቃቸው እንዲፈስ በማስለመዱ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ይህንን ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንስል ኖረናል። ታዲያ አንበሴን ማስተማር ምን ያቅተናል? የጎረቤት አራስ ልጅ ስታለቅስ በስልክ ቀድተን ሥራ ጀመርን።

አቃተን! በሳምንቱ አንበሴ ዳቦ ስናሳየው ጆሮውን አጣብቆ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ብናስብ ብናስብ ምክንያቱ ጠፋን። በኋላ የስህተቱ ምንጭ ተገኘ፤ ለካስ መጀመሪያ ዳቦውን እየሰጠን፣ መብላት ሲጀምር ነበር ልቅሶውን የምናሰማው። እሱም የተማረው «ልቅሶ ሲሰማ ዳቦ ይመጣል» የሚለውን ሳይሆን «ዳቦ ሲመጣ ጩኸት ይከተላል» የሚለውን ነው። ተማሪው አልሰነፈም፤ ያስተማርነውን በትክክል ተማረ። እንደገና ጀመርን። መጀመሪያ ልቅሶው በጣም ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ወዲያው ዳቦ ይመጣል፤ ልቅሶው ሲቆም ዳቦውም ያበቃል። በየጥቂት ቀኑ ድምፁን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን፤ ከተረበሸ ዝቅ እናደርጋለን። በሦስተኛው ሳምንት ልቅሶውን ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ ወደ ሰሐኑ ይሄድ ጀመር።

መኝታውንም ያን ጊዜ ቀየርን። ሕፃኑ በመጣ ዕለት ከቤት ቢባረር ጥፋቱን ከሕፃኑ ጋር ያያይዘዋል ብለን፣ ሁለት ወር ቀደም ብለን በረንዳው ጥግ ላይ ከሳንቃ ቤት ሠራንለት። እልልታም እንዲለምድ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ አደረግን። አንበሴ ከእኛ ይልቅ ተረጋግቶ ነበር፤ ያልተረጋጋው መንደሩ ነው። አንዷ ጎረቤታችን ቅቤ፣ አንዷ ጀበና ይዘው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ ዘለቁ። ያውም በሰባተኛው ወር! እስካሁን ይስቁብናል።

ከዚህ በላይ የሚቀጥለውን ባንጽፈው ደስ ባለን። አንድ ቀን የሁለት ዓመት የጎረቤት ልጅ ወደ አንበሴ ሰሐን ሲጠጋ አንበሴ አጉረመረመ። ደነገጥን፤ ተናደድንም። ከሁለታችን አንዱ ዱላ አንሥቶ መታው፤ ሌላው «ይበለው» አለ። በማግሥቱ ልጁ ሲጠጋ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀንም ዝም። «ይኸው ተማረ!» ብለን ለባለሙያው በደስታ ብንነግረው ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ።

«ሲያጉረመርም እኮ ‹ፈርቻለሁ፣ አትጠጉኝ› ማለቱ ነው» አለን። «እናንተ የመታችሁት ማስጠንቀቂያውን ነው። ፍርሃቱ አሁንም አለ፤ ዱላው ተጨምሮበታል። ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ በደንብ አየነው። እውነትም ልጁ ሲያልፍ አንበሴ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ሰውነቱ ይደርቃል፤ አፉን ይገጥማል፤ ዓይኑን ወደ ጎን አድርጎ ነጩን ያሳያል። እኛ ጸጥታውን ብቻ አይተን ውጤት ስንሰጥ ከርመናል። ያን ሌሊት አልተኛንም። በክፍላችን ውስጥስ ዝም ያለውን ተማሪ ሁሉ «ገብቶታል» ብለን ስንቱን አልፈን ይሆን ተባባልን።

ዱላው ተጣለ። ሰሐኑን ልጅ ወደማይደርስበት ጓሮ ወሰድነው። ከዚያ አንበሴን በገመድ ይዘን፣ ልጁ ከሩቅ፣ አንበሴ በማይደነግጥበት ርቀት ላይ ሲያልፍ ጥሩ ጥሩውን እንሰጠዋለን፤ ልጁ ሲርቅ መስጠቱን እናቆማለን። ርቀቱን የምንቀንሰው ሰውነቱ ሲላላ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ለማሳጠር አንዳንዴ አራት ቀን ፈጀብን። ስምንተኛው ወር ሊሞላ ሲል እናታችን መጥተው በረንዳ ላይ ተቀመጡና ግማሽ ቀን ሙሉ ተመለከቱት። ምንም አልተናገሩም። ሲመሽ፣ «ይቆይ፤ ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ» አሉን። የዚያን ቀን ሁለታችንም አለቀስን።

ሴት ልጅ ተወለደች። በመጀመሪያው ምሽት የታቀፈችበት ጨርቅ ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት መጣና አንበሴ ጠረኑን እንዲያሸት ተደረገ። በመጣን ዕለት እናት ባዶ እጇን ቀድማ ገብታ ናፍቆቱን እንዲወጣ ፈቀደችለት፤ ሕፃኗን አያቷ ይዘው ቆይተው ገቡ። አንበሴ በገመድ እንደተያዘ ከሩቅ አየ፤ አሸተተ፤ ተኛ። በቃ፣ ለዚያ ቀን ይኸው ነው።

ሌሊት ልጃችን ማልቀስ ስትጀምር ግን እናታችን ከበረንዳው «ኧረ ሊበላት ነው!» እያሉ ጮኹ። ሮጠን ብንወጣ አንበሴ ሰሐኑ አጠገብ ቆሞ ምራቁን ያዝረበርባል። ዳቦውን እየጠበቀ ነው! ስለ ፓቭሎቭ እስክናስረዳቸው ድረስ ሌሊቱ ተጋመሰ።

ዛሬ ልጃችን ስምንት ወሯ ነው፤ መዳህ ጀምራለች፤ ትምህርቱም እንደገና ጀምሯል። አሁን ተማሪዋ እሷ ናት። ጆሮውን እንዳትጎትት፣ ሲበላና ሲተኛ እንዳትጠጋው ልናስተምራት ነው፤ እስክትማር ድረስ ደግሞ በመካከላቸው የሳንቃ በር አለ። አንበሴን እንወደዋለን፤ ቢሆንም ሁለቱን ብቻቸውን ለአንድ ደቂቃም አንተዋቸውም። በጣም የታመነ ውሻም ውሻ ነው፤ ሕፃንም ሕፃን ናት።

ውድ ሠልጣኞች፣ ነገ በየገጠሩ ስትመደቡ ውሻ የሌለው ግቢ አታገኙም። ለተማሪዎቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ ሳያጠፋ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሲጀመር ነውና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን። እንዲሁም በክፍላችሁ ውስጥ የሚያጉረመርም ልጅ ቢገጥማችሁ ዱላ ከማንሣታችሁ በፊት ምን ሊነግራችሁ እንደፈለገ ጠይቁት። እኛ ይህንን የተማርነው ከውሻ ነው፤ ዘግይተንም ቢሆን።