የዳኮታው ጎሽ

ዴንቨር ለሚኖረው ልጄ ደቡብ ዳኮታ በሚገኘው ከስተር ፓርክ የባይሰን አደን ዕጣ ወጣለት፤ ለሌላ ክፍለ ግዛት ሰውም ይፈቀዳል። ባይሰን የአሜሪካ ጎሽ ነው። ኮርማው እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሚሊዮኖች ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዶ ለጥቂት ነው ዘሩ የተረፈው። ዛሬ ፓርኩ ውስጥ ከሺህ በላይ አለ። ግጦሹ እንዳይጠብባቸው በየዓመቱ ከፊሉ ይሸጣል፣ ጥቂቱ ይታደናል።

ቀኑን ከነቢያት ጾም በፊት አስደረግሁት። ቤቱን ያከራከረው ግን የ9 ዓመቱ የልጅ ልጄ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለው ነበር። እናቱ አይሆንም አለች። እኔ ይሂድ አልኩ፤ እኛስ በግ ሲታረድ እያየን አይደል ያደግነው?

መንገዱ በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሜዳው ወርቃማ ሣር፣ ነፋሱ አጥንት ድረስ የሚገባ። ከልጄ ጋር የፓርኩ መሪ አብሮ ስለሚሄድ ለፉከራ የሚሆን ነገር የለውም። ጎሹ ሲወድቅ ሌሎቹ አልሸሹም፤ ቀርበው አሸተቱት። ልጁ አለቀሰ። ዝም በል አላልኩትም።

በሳምንቱ ጥብሱ ቀረበ። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ልጄም ሳይተኩስ በስመ አብ ብሏል። ቢሆንም አመነታሁ። ልጁ ሳህኑን ገፍቶ «አያቴ ካልበላች አልበላም» አለ።

በላሁ።