ረዳቱ ዓይኑን እንዴት አጣ

የኮምፒውተር ጨዋታችን ዋና ገጸ ባሕርይ የታክሲ ረዳት ነው፤ ዓይን የለውም። ያዩት ሁሉ ስለ ዓይኑ ይጠይቁናል። አንዳንዱ እንዲያውም ጥልቅ ትርጉም ፈልጎለት ይመጣል፤ "በከተማው ሰው ከሰው እንደማይተያይ ለማሳየት ነው፣ አይደል?" ይለናል። እኛም ዝም ብለን ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን። የሚያደንቅን ሰው ማረም ነውር ነው።

እውነቱ ግን ረዳቱ ዓይኑን ያጣው በቦታ ጥበት ነው። ቁመቱም ወርዱም 16 ነጥብ፣ ከዚያ ላይ ለፊቱ የደረሰው ስድስት በአምስት ብቻ። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ዓይንም፣ አፍንጫም፣ አፍም ማስፈር አይቻልም። ዓይኑን ባስቀር ሰው መሆኑ ይታወቃል። አፉን ባስቀር ግን "ቦሌ! ቦሌ! ቦሌ!" የሚለው በምኑ ነው? ስለዚህ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ድረስ ጎትቼ አወረድኩለት፤ አፉን ሁለት ጥቁር ነጥብ ሰጠሁት። ሲጮህ አራት ይሆናሉ።

ሥዕሉ በእኔ ላይ የወደቀው በሙያ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ፕሮጀክት ነበር፤ ኮድ የሚጽፍ አለ፣ ድምፅ የሚሠራ አለ፣ ምንም ሳይሠራ ስብሰባ የሚጠራም አለ። እኔ በትምህርት ሰዓት የመምህራንን ፂም በደብተር ጠርዝ ላይ እሥል ስለነበር "ሠዓሊያችን" ተባልኩ። ፒክስል አርት፣ ማለትም በትንንሽ ካሬ ነጥቦች የሚሠራ ሥዕል፣ ይሁን የተባለውም ለውበቱ አልነበረም። "ቀላል ነው፤ ካሬ መቀባት እኮ ነው" አለ ያ ስብሰባ የሚጠራው ልጅ። አሴፕራይት የተባለው መሣያ ሶፍትዌር በገንዘብ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ደግሞ በመካከላችን የለም። ደግነቱ ምንጭ ኮዱ ለማንም ይፋ ስለሆነ ለራሱ ማዘጋጀት የሚችል ሰው በነፃ ይጠቀምበታል። ፕሮግራመራችን ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ አመጣልኝ።

ካሬ ስቀባ ስቀባ፣ ይህን ነገር ለመሆኑ ካሬ ያደረገው ማነው ማለት ጀመርኩ። ሰውየው ተገኘ። ራስል ኪርሽ ይባላል፤ በ1957 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ፎቶግራፍን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ። መጀመሪያ ያስገባውም የሦስት ወር ልጁን የዋልደንን ፎቶ ነው፤ ወርዱ 176፣ ቁመቱም 176 ነጥብ። ነጥቦቹን ካሬ አደረጋቸው። የሚገርመው በስተርጅናው ይህን ውሳኔ ጅልነት ነበር ብሎ ተጸጽቶበት፣ ሥዕልን በሌላ ቅርጽ የሚከፋፍል ዘዴ ለማውጣት ሲሞክር ነበር። እኛ ደግሞ እሱ የተጸጸተበትን ነገር "ስታይል" ብለን ይዘነዋል።

ረዳቴ ዓይን በማጣቱ ሳዝንለት ከዘመዶቹ ትልቁን አስታወስኩ፤ ማሪዮን። በ1981 ሺጌሩ ሚያሞቶ ለዶንኪ ኮንግ ጨዋታ ሲሥለው ስሙም ገና ጃምፕማን ነበር። በዚያች ጠባብ ቦታ አፍ መሥራት ስላስቸገረ ፂም ተደረገለት። ሲዘል የሚነሣና የሚወድቅ ፀጉር ማሳየት ስላዳገተ ኮፍያ ደፋ። ሲሮጥ ክንዱ ከደረቱ ጋር እንዳይደባለቅ ደግሞ ባለ ማንገቻ ቱታ ለበሰ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የቧንቧ ሠራተኛ መልክ አንድ በአንድ ሲመረመር ከእጦት የመጣ ነው። ልዩነታችን፣ ማሪዮ አፉን ሠውቶ ዓይኑን አተረፈ፤ የእኔው ሰው በሙያው ምክንያት የተገላቢጦሽ ሆነበት።

ያኔ እጦቱ እውነተኛ ነበር። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጠቅላላ ክብደቱ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። ከዚያ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሰማይ ላይ ያለውን ደመናና መሬት ላይ ያለውን ቁጥቋጦ በአንድ ቅርጽ ሠሯቸው፤ አንዱን ነጭ፣ ሌላውን አረንጓዴ ቀቧቸው። ስንቱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተጫውቶት አላስተዋለም። ጨዋታው የሚሠራበት መሣሪያ ለእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ሥዕል የሚፈቅደው ሦስት ቀለም ነበር። እኛ በላፕቶፕ በሚሊዮን የሚቆጠር ቀለም እያለን ሦስቱን ብቻ እንጠቀም ብለን ተስማማን፤ ማንም ያላወጀውን ጾም ያዝን። የድህነት ጠባይን በፈቃድ መልበስ ትንሽ ቧልት አለበት። ቢሆንም ሦስቱ ቀለም ባይወሰኑ ኖሮ ዛሬም የረዳቱን ጃኬት ቀለም እየመረጥኩ እገኝ ነበር።

በዚህ መሃል ነው እናቴ ከኋላዬ መጥታ የቆመችው። የእናቴ ዳንቴል በሰፈራችን የታወቀ ነው፤ የቴሌቪዥናችን ልብስ ላይ ጣዎስ አለ፣ የሶፋው ላይ ጽጌረዳ። ሁለቱም ከግራፍ ወረቀት ላይ እየተቆጠሩ በኪሮሽ የተሠሩ ናቸው፤ የተሞላ ካሬ፣ ባዶ ካሬ፣ ሌላ ነገር የለም። ስክሪኑን ትንሽ አየችና፣

"ይኼ ሰውዬ አንገቱ የታለ?" አለችኝ።

"ቦታ የለም እማዬ።"

"ከትከሻው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ካሬ ባዶ ተው፤ አንገቱ ራሱ ይወጣል።"

ወጣ። ከዩቲዩብ ትምህርት ሁሉ ይህ በለጠብኝ። ዕውቀቱም እንግዳ አይደለም። ለ1984ቱ ማኪንቶሽ 32 በ32 የሆኑትን ትንንሽ ምልክቶች የሠራችው ሱዛን ኬር የኮምፒውተር ሰው አልነበረችም፤ ግራፍ ወረቀት ገዝታ ካሬ በማጥቆር ነው የጀመረችው። ሥራው ጥልፍና ሞዛይክ እንደሚመስላትም ተናግራለች። የእናቴን ጣዎስ ብታይ ሁለቱ ለመግባባት አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

የቀደሙት የጨዋታ ሠዓሊዎች እንደኛ ጥርት ያለ ካሬ ያመልኩ እንደነበር አድርገን ማሰባችን ግን ትክክል አይደለም። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ነጥቦቹን ያደበዝዛቸው፣ አንዱን ከሌላው ያቀላቅላቸው ነበር፤ እነሱም ይህን ዐውቀው ነበር የሚሥሉት። በ1991 በወጣው የሶኒክ ጨዋታ ውስጥ ያለው ፏፏቴ አንዱ ቋሚ መስመር ተቀብቶ አንዱ ባዶ የተተወ ነው። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ሲታይ ተዋሕዶ ከበስተጀርባው የሚያሳይ ውኃ ይሆናል። በዛሬ ስክሪን ግን ባለ መስመር መጋረጃ ነው። እኛ የምንናፍቀው ካሬ እነሱ ራሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው ያላዩት ነው።

ፈተናው የመጣው ረዳቱ ዞሮ ወደ ግራ መሄድ ሲኖርበት ነው። ልማዱ ቀላል ነው፤ ወደ ቀኝ የሚሄደውን ሥዕል እንደ መስተዋት ትገለብጠዋለህ፣ ሥራ ቀረልህ። በስትሪት ፋይተር 2 ጨዋታ ውስጥ ሳጋት የተባለው ተፋላሚ ፊቱን ባዞረ ቁጥር የታወረው ዓይኑ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በዚያ ምክንያት ጨዋታ የተወ ሰው አላውቅም። የእኛው ረዳት ግን በቀኝ እጁ፣ በጣቶቹ መሃል በቁመታቸው የታጠፉ ብሮች ይዟል፤ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች። ሲገለበጥ መልስ በግራ እጁ የሚሰጥ ሆነ። ለአዛውንት ተሳፋሪ! ድምፅ የሚሠራው ልጅ "ይኼን አክስቴ ካየች አለቀልን" አለ። ከታክሲው ግንባር ላይ ያለው ጽሑፍም ወደ ኋላ ተነበበ። ከሁሉ የባሰው በሩ ነው። የታክሲው በር በስተቀኝ ነው፤ ወደ ግራ የሚሄድ ታክሲ ለተመልካች የሚያሳየው የሾፌሩን ወገን ስለሆነ ረዳቱ የሚንጠለጠልበት በር አይኖርም። ገልብጠን ብንተወው በአዲስ አበባ አስፋልት መሃል በር የሚከፍት ታክሲ ይሆናል።

አዲስ ሥዕል ልሥራ ብል ማስረከቢያው ደርሷል። በመጨረሻ የሱፐር ማሪዮን ዘዴ ወሰድን፤ እዚያም ስክሪኑ አንዴ ካለፈ ወደ ኋላ አይመለስም። ታክሲያችን ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ ብቻ የሚሄድ ሆነ።

ፕሮጀክቱን ባቀረብን ቀን ከፈታኞቹ አንዱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ይህ ሁሉ ሰው ቦሌ ከደረሰ በኋላ በምን ይመለሳል?" ብለው ጠየቁ። ፕሮግራመራችን ከእኔ ቀድሞ መለሰ፤

"ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላማ ታክሲ የለም፣ ጋሼ።"

ፈታኞቹ ሳቁ። ነጥብ ግን ቆረጡ።