ደኅና ነኝ ማለት አይበቃም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ተረት ዘወትር የሚነገረው ሕመሙን ለሚሸሽግ ሰው ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ሳይደብቀው በሽታው ራሱ ከባለቤቱ የሚደበቅበት ጊዜ መኖሩን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ይህንንም ያስተማረን የአክስታችን ደም ነው።

አክስታችን የሚኖሩት በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ ክምር አቅራቢያ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በዘነበ ወርቅ ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። በዚያ ያሉ ተመራማሪዎች የሥጋ ደዌንና የሳንባ ነቀርሳን ምልክት በደም ውስጥ ሲመረምሩ ኖረዋል። አክስታችን ግን በዚያ አጥር ሥር ዘወትር ሲመላለሱ፣ ደም ምን ሊናገር እንደሚችል አስበውት አያውቁም፤ እኛም እንደዚያው ነበርን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የግራ ጎናቸው አበጠ፤ ሌሊት ያልባቸው፣ ሰውነታቸውም ይከሳ ጀመር። ጎረቤቶች «ጣፊያ ነው» አሉ። በእርግጥም ያበጠው ጣፊያቸው ነበረ፤ የበሽታው ምንጭ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ደማቸውን መርምሮ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ከልክ በላይ መብዛታቸውን፣ ሕመሙም ሥር የሰደደ የደም ካንሰር መሆኑን ነገረን።

የዚህን ሕመም ምሥጢር ለመግለጥ የሊቃውንት ብዙ ድካም ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖዌልና ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፊላደልፊያ ከተማ በሕሙማኑ የደም ሕዋስ ውስጥ አንድ ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ጃኔት ራውሊ የተባሉ ሊቅ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ መለዋወጣቸውን አስረዱ። ከዚህ ልውውጥ የሚወለደው የተበላሸ ዘረመል ሕዋሱ ያለ ማቋረጥ እንዲባዛ ያዝዘዋል። ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል ይህን ትእዛዝ ይገታል፤ በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል በእርዳታ ለሕሙማን በነፃ ሲታደል ቆይቷል።

አክስታችን እንክብሉን በጀመሩ በሁለተኛው ወር እብጠቱ ጠፋ፤ የደማቸው ቁጥርም ተስተካከለ። ቡና ተፈልቶ «እንኳን እግዜር ማረዎ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን መድኃኒቱ ሲያቅለሸልሻቸው አንድ ቀን ይዘሉ፣ ሌላ ቀን ይወስዱ ጀመር። እኛም ድነዋል ብለን ዝም አልን። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

በሦስተኛው ወር ሐኪሙ ሌላ የደም ምርመራ አዘዘ። ሕዋሳቱን መቁጠር ብቻ አይበቃምና ይህኛው ምርመራ የተበላሸው ዘረመል በደም ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ ይለካል። በሦስተኛው ወር መጠኑ ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፣ በዓመቱም ወደ ሺሕ 1 እጅ እንዲወርድ ይፈለጋል። ይህን መንገድ የያዘ ሕመምተኛ ወደ ፊት የሚያገኘው ውጤት መልካም እንደሚሆን ተስፋ ይደረጋል። ያልያዘ ግን ምንም እንኳ ጤነኛ ቢመስል መድኃኒቱ በሚገባ አልሠራለትም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ አስቀድሞ የአወሳሰዱን ነገር ይጠይቃል፤ ቀጥሎም መድኃኒቱን ስለ መለወጥ ያስባል።

የአክስታችን ቁጥር ከ10 እጅ እጅግ በልጦ ተገኘ። ሐኪሙ አልተቈጣም፤ «እንክብሉን በየቀኑ ይወስዳሉ?» ሲል ብቻ ጠየቀ። አክስታችን ዝም አሉ፤ እኛም አቀረቀርን።

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ክምሩም እኮ ከመናዱ በፊት እንደ ወትሮው ቆሞ ነበር» አሉን። የሚናገሩት መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ስለ ሆነው ነገር ነው። በዚያች ማታ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አክስታችንም ለጎረቤቶቻቸው ለቅሶ ተቀምጠዋል። ከዚያች ቀን ወዲህ እንክብሉን አንድም ቀን አልዘለሉም። በሚቀጥለው ምርመራ ቁጥሩ ወረደ፤ የተፈለገበት ግን ገና አልደረሰም።

እንግዲህ ከዚህ የተረዳነው ምልክትን ማየት ብቻ ሳይሆን ለምልክቱ በጊዜው መልስ መስጠት እንደሚገባ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በአገራችን ሆስፒታሎች የገባው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ለዚህ ለደም ካንሰር ምርመራም የተዘጋጀ ካርትሪጅ አለው። ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሹማምንት የምናሳስበው፣ ሕመምተኛው በቅርቡ የሚመረመርበት መንገድ እንዲታሰብበት ነው። መምህራንና ተማሪዎችም በየቤታቸው እንክብል የሚወስድ ሰው ቢኖር «ተሻለዎት ወይ?» ብለው ብቻ አይለፉት፤ «የምርመራ ቀንዎ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁት። እኛ የአክስታችንን ቀን በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ አክብበንበታል፤ በዚያም ቀን አብረናቸው እንሄዳለን።