እግሩ ይናገራል

ልጄ እሑድ እሑድ ከካሊፎርኒያ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እኔ ጤና አልነበረም። «ማሚ፣ ነብሮ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል» እለዋለሁ። ወራት ሙሉ እንዲህ አልኩት።

ነብሮ ሌፐርድ ጌኮ ነው፤ የዘሩ አገር አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ የሆነ፣ ቢጫ ቆዳው እንደ ነብር በጥቁር የተዥጎረጎረ እንሽላሊት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ገና ጣት የምታህል ሳለች ገዛት፤ ወንድ መሆኑ ሲታወቅ ነብሮ አለው። እሱ ሲሄድ እንስሳው ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ቀረ። ባደግኩበት ቤት እንሽላሊት ከገባ በመጥረጊያ ይባረራል እንጂ ራት አይቀርብለትም። ቢሆንም ልጁ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጥፎልኛል፦ ፌንጣዎቹ ሳይሰጡት በፊት ካልሲየም ዱቄት ይነስነስባቸው፤ የወለሉ ማሞቂያ አይነቀል፤ መብራቱ ሲቃጠል ይቀየር።

ዱቄቱ ልጁ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ነገ እገዛለሁ እያልኩ ነገው አምስት ወር ሆነ። ሥራዬ የማታ ነው፤ ነብሮ የሚነቃው ሲመሽ፣ እኔም የምወጣው ሲመሽ። ስመለስ እሱ ተኝቷል፣ እኔም እተኛለሁ። ለመውጣት ስጣደፍ ጥቂት ፌንጣ እጥልለትና ክዳኑን እዘጋለሁ። መብራቱም ተቃጠለ፤ የመስታወት ቤቱን ወደ መስኮት አስጠጋሁት፣ ፀሐይ ያገኛል ብዬ።

አላወቅኩም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ጤና ጣቢያ ስምንት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። «ልብሱን አውልቀሽ፣ የጠዋት ፀሐይ፣ ደጅ አውጥተሽ። በመስኮት የሚገባው አይቆጠርም፤ መስታወት ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል።» ይህን ያላልኳት አራስ የለችም። የሕፃናትን አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ቀልድ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣው የኢትዮጵያ ሕፃናት ጥናት፣ የሳንባ ምች በያዛቸው ልጆች ላይ ሪኬትስ የመገኘቱ ነገር ካልያዛቸው 13 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቶ ነበር። ያንን ያወቅኩ ሰው እንስሳውን መስታወት ውስጥ፣ ከመስኮት መስታወት ኋላ አስቀመጥኩት።

በፌብሩዋሪ አንድ ቀን ማታ ሥራ አልነበረኝም። ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ነብሮ ከጉድጓዱ ወጣ። ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ በክርኑ እየዳኸ። ፌንጣዋ አፍንጫው ሥር ቆማለች፤ አፉን ከፈተ፣ ሳታት፤ ደግሞ ከፈተ፣ ሳታት። የፊት እግሩ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። ስብ የሚያከማችበት ጅራቱ እንደ ገመድ ቀጥኗል። አንስቼ አገጩን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ላስቲክ ተለመጠ። የስንቱን ሕፃን አንጓ የዳበሰው እጄ ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

ወደ ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ዶክተሯ ኤክስሬዩን መብራት ላይ ሰቀለችው፤ አጥንቶቹ ከሥጋው ተለይተው አይታዩም ማለት ይቻላል። የምግብ ፌንጣ ከካልሲየሙ ፎስፈረሱ ይበልጣል፤ ዱቄቱ ከሌለ ደሙ ለልብና ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከአጥንት እየተበደረ ይኖራል። «ለመጨረሻ ጊዜ ካልሲየም ያገኘው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ባለፈው ወር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፣ ጻፈች፣ ምንም አላለችም። ኤክስሬዩ እኮ እዚያው በርቷል።

ያኔ ትዝ ያለችኝ አንዲት እናት ናት። ልጇ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት አይቆምም፣ እግሩ ቀስት ሆኗል። «ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?» ስላት «በየቀኑ» አለችኝ። ወረፋው ሁሉ እየሰማ «እግሩ ይናገራል፣ አንቺ ትዋሻለሽ!» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ምች ፈርታ ይሁን፣ አከራይዋ ግቢው ውስጥ ልጅ ማስጣት ከልክሏት ይሁን፣ አልጠየቅኳትም። መዋሸቷ ብቻ ነበር የታየኝ። እኔ የቤቴ ባለቤት ነኝ፣ ደመወዝ አለኝ፣ ዱቄቱ የአንድ ምሳ ዋጋ አያወጣም። እሷን ይቅርታ ልጠይቃት ብል እንኳ ያ ሰፈር ፈርሷል።

መድኃኒቱ በጠብታ የሚሰጥ ፈሳሽ ካልሲየም ነበር። አጥንቱ እንዳይሰበር አፉን በግድ አትክፈቺ ተባልኩ፤ ከንፈሩ ላይ ጠብ ሳደርግለት እየላሰ ይውጣል። አዲስ መብራት ገዛሁ፤ ብርሃኑ እየታየ ጨረሩ ግን በወራት ውስጥ እንደሚደክም የተማርኩትም ያኔ ነው። የሞቃቱን ጥግ ወለል 32 ዲግሪ ላይ አቆየሁት። ፌንጣ ማደን ስላቃተው በሹካ ጨፍልቄ፣ ዱቄት ነስንሼ፣ በማንኪያ ጫፍ አቀርብለት ነበር። እናቴ ብታየኝ ኖሮ ጠበል ይዛኝ ትሄድ ነበር። የኩሽና ሚዛን ላይ በመጀመሪያው ቀን 24 ግራም ነበር፤ በአፕሪል 37 ሆነ። መንቀጥቀጡ ቆመ። አገጩ ጠነከረ፣ እንደ ተጣመመ። አጥንት ሲጠነክር ባለበት ቅርጽ ነውና የፊት እግሮቹም አልተቃኑም።

በእነዚያ ሳምንታትም እሑድ ደረሰ፣ ስልኩ ጮኸ። «ደህና ነው» አልኩ።

ልጄ በሜይ መጣ። ሻንጣውን ሳያወርድ ነብሮን መዳፉ ላይ አደረገው።

«ማሚ፣ እግሩ ምን ሆኖ ነው?»

«ዱቄቱን አልሰጠሁትም።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት ወር።»

«እሑድ እሑድ የምትነግሪኝስ?»

«ውሸት ነው።»

ነብሮን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ክፍሉ ገባና ዘጋ። እኔም የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ነበር። በሩን ከፍቶ ፌንጣዎቹን የት እንዳስቀመጥኩ ሲጠይቀኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።