የአንድ ሰዓት ትዕግሥት

አንባቢ ሆይ፥ በመንገድ ዳር መኪና ሲበየድ ቆመህ አይተህ ታውቃለህን? ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ጫሌ፥ ከቀብሪ በያህ ወደ ደገሃቡር የሚመላለስ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሳያይ አይቀርም። ባሌስትራ ይሰበራል፤ ማርሚታ ይወልቃል፤ ሻሲ ይሰነጠቃል። እኔ ግን የምነግርህ ያየሁትን ሳይሆን ያደረግሁትን ነው።

በ2014 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞችን ቅጽ ከነፎቶግራፋቸው ከአውበሬ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ሰብስበን ስንመለስ፥ የፒክአፓችን ሻሲ ከካቢናው ወለል ሥር ተሰንጥቆ ተገኘ። በቶጎ ጫሌ ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ በያጅ ወሰድነው። ሰዉ ሁሉ «አዴር» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ አልኋቸው። ከሥር ገብተው ተመለከቱና፥ «ወንበሩ ይውረድ፤ ምንጣፉ ይነሣ፤ ወረቀቱም ይውጣ» አሉ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ። የውሎ አበሌ የሚያልቅበት ቀን ነበር። «አዴር፥ ስንጥቋ እኮ አንድ ጣት አትሞላም፤ እንዲሁ ይበይዱልን» አልሁ። ሽማግሌው ሾፌሩን ተመለከቱ፤ ሾፌሩም እኔን ተመለከተ። ከተሳፈርነው ሁሉ ትልቁ ባለሥልጣን እኔ ነበርሁ፤ ደረጃዬ ግን ከአንተ ደረጃ አይበልጥም።

የባትሪውን ገመድ ሳያስፈቱ ግን እሺ አላሉም። የማሽኑንም የመመለሻ ሽቦ ከስንጥቁ አጠገብ አሰሩት፤ ከሩቅ የታሰረ እንደ ሆነ ኤሌትሪኩ በመኪናው ሽቦዎች ውስጥ መንገድ እየፈለገ ያቃጥላቸዋልና።

ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ገንዘቡን ከፍዬ «እንሂድ» ስል፥ አዴር «ቆይ» አሉ። እኔም ካቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ቀጥሎም ከወንበሩ ጀርባ ጢስ ወጣ። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ሙቀት በስሱ ላሜራ አልፎ ከማዶ ያለውን ምንጣፍና ስፖንጅ ሲያበስል ቆይቶ፥ ነበልባሉን ያወጣው ሁላችንም ጨርሰናል ካልን በኋላ ነበር። በሩን ስከፍት ደግሞ የሜዳው ነፋስ ገብቶ አራገበው።

ያ መንደር ውሃ በጀሪካን የሚገዛበት ነው። አዴር ግን ውሃ አልጠሩም፤ ቀድሞውኑ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ አጠገባቸው አስቀምጠው ነበር። በሦስት ቆርቆሮ አሸዋ እሳቱ ጠፋ። መኪናው ዳነ። ከአራቱ የቅጽ ጥቅሎች አንዱ ግን ከሰለ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ለዳይሬክተሩ ስነግረው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቹ ቅጹን እንደገና ሞሉ፤ ፎቶግራፍ ለመነሣትም ወላጆቻቸው ሁለተኛ ገንዘብ አወጡ። አንዲት ልጅ ግን ከቤተ ሰቧ ጋር ከብት ተከትላ ወደ ሌላ ግጦሽ ሄዳ ነበር። ሦስት ቀን ተፈለገች። የተገኘችው ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አንባቢ ሆይ፥ እነዚያን ሦስት ሌሊቶች እንዴት እንዳደርሁ አልነግርህም።

ኋላ ጉዳዩን በመጽሐፍ ፈለግሁት። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ፥ ከብየዳው ዙሪያ እስከ 11 ሜትር ድረስ የሚቃጠል ነገር እንዲነሣ ያዛል። ከብየዳ በኋላም ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ የነበረውን አሁን አንድ ሰዓት አድርጎታል። አዴር «ቆይ» ያሉኝ ይህንኑ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ማርሚታው ሲወልቅ ወደ እርሳቸው ሄድሁ። ወንበሩን በእጄ ፈታሁ፤ ምንጣፉንም ወረቀቱንም ከነፋሱ በላይ በኩል አራቅሁ። እኛ ሳለን አንድ ሰው የሚያፈስ የነዳጅ ሰልባትዮ ይዞ መጣና፥ «ባዶ ነው፤ ይበየድልኝ» አለ። አዴር መለሱት። ባዶ የተባለው ሰልባትዮ ከሞላው ይልቅ ያስፈራል፤ ውስጡ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተደባልቆ ብልጭታ ይጠብቃልና። ናፍጣ ቢሆንም የብየዳ ሙቀት ሲያገኘው ይተናል፤ ብዙ በያጅ የሞተው «ናፍጣ እኮ ነው» ብሎ ነው።

ማርሚታው ተበይዶ ሲያልቅ አዴር የአሸዋውን ቆርቆሮ በእጄ ሰጡኝና ሻይ አዘዙ። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። እኔ ሻዩን ጠጣሁ።